ትልቁን ስልክ የገዛሁበት ምክንያት

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን

ለቅንድቤ፣ ለልጄ፤

ስምህን እንዲህ በቀለም ሳየው ያስቀኛል። ሌላ ሰው ቢያነበው ሴትየዋን ነካ አድርጓታል ማለቱ አይቀርም። እኔ ግን አንተን ስጠራ እጄ የሚያውቀው ቅንድቤን በጣት ጫፍ ዳሰስ ማድረግ ነው፤ በሦስት ዓመትህ ከደረጃ ወድቀህ ቅንድብህ ላይ ያተረፍካት ጠባሳ ናት ስምህ። መታወቂያህ ላይ ባለው የሚጠሩህ የሚሰሙት ሰዎች ናቸው።

ከሁሉ በፊት ደህና ነኝ። ይህችን አንብብና ተንፈስ በል፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ ቀሪውን ቀጥል። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ በችኮላ በላክሁልህ ቪዲዮ «ስልኬ ነው እንጂ እኔ አልታመምኩም» ያልኩህ እውነት ነው። ታዲያ ቀሪውን ለምን በቪዲዮ አልነገርሽኝም ትል ይሆናል። በእጄ ሳወራ ፊቴም አብሮ ያወራል፤ ፊቴን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ መደበቅ አይችልበትም። ወረቀት ይሻላል። ነገሩ በየተራው ይሄዳል፣ ያልወደድኩትንም እሰርዛለሁ። የሬዲዮ የእህት ልጅ እሑድ እናንተ ከተማ ለሥራ ስለምትሄድ እሷ ታደርስልሃለች። ፊደሉን ያተለቅሁት ከሥራ ደክመህ ስትገባ ዓይንህ እንዳይቸገር ብዬ ነው።

ሬዲዮ ያው እንደምታውቃት ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ እሷ እየቆረጠች እኔ እየሰፋሁ መጋረጃ ስንሠራ፣ እንደ እኔ መስማት ለማትችል ሴት ይህን ያህል የሚያወራ ሰው ከእሷ ሌላ አላየሁም። በአፏ ጀምራ በእጇ ትጨርሰዋለች። ያን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬም ቅር አላላትም።

እንግዲህ አምስቱን ሳምንት ልንገርህ።

ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ያየሁት የመጨረሻው ቪዲዮህ አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ የቀረጽከው ነው። የግራ እጅህ ሁለት ጣቶች በነጭ ፋሻ ተጠቅልለዋል። «የብየዳ ብልጭታ ነካ አደረገኝ፣ ምንም አይደለም» አልከኝ። ምንም አይደለም ስትል ዓይንህ ወደ ጎን ሄደች። ከትንሽነትህ ጀምሮ ስትዋሽ የምታያት ያቺው ግድግዳ ናት፣ የትም አገር ብትሄድ ተከትላህ ትመጣለች።

ከዚያ በኋላ ጭጭ። አንድ ቀን ሁለት ቀን ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። በሳምንቱ መተኛት አቃተኝ። ሌላ እናት ልጇ እጁን ሲጎዳ ስለ እንጀራው ትጨነቃለች። እኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነው። አንተ ለእኔ የምታወራው በዚያ እጅ ነው። ዝም ያለው መናገሪያው ቢሄድ ይሆን እያልኩ፣ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጬ ስፌቱ ከመስመር እየወጣ ስንቱን ጨርቅ ፈታሁት።

ሬዲዮ በዚያች ባለቁልፍ ስልኳ ሁለት ጊዜ ደወለችልህ። አንዲት ሴት በማታውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር ብላት ዘጋች። «ምን አለችሽ?» ስላት «ድምፅዋ ክፉ አይደለም» አለችኝ። ልቤን ለማሳረፍ ያገኘችው ቃል ይኸው ነበር።

የእኔ ስልክ ደግሞ መክፈት ስሞክር ብልጭ ይልና ይጠፋል። የምንላላክበት ቦታ ይከፈትና መልሶ ይዘጋል። ከላይ «ሜሞሪ ሞልቷል» የሚል ጽሑፍ ነበረ፤ እኔ ፎቶ ማንሳት አትችይም ማለቱ መስሎኝ ችላ አልኩት። የጎረቤቱ ስልክ ጠጋኝ ነው የነገረን። ላንተ ክፍል ስለሌለው እየመለሰህ ነበር፤ እኔም መላክ የማልችለው ለዚሁ ነው። «ትንሽ ካርድ ጨምርበት» አለችው ሬዲዮ። ጠጋኙ ስልኩን ገልብጦ ጎኑን አሳየን። ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም። «ይሄ ሲገዛ በነበረው ልክ የሚቀር ነው፣ ቢቸግርሽም አይሰፋም» አላት።

ልብስ ሰፊ ነኝና ይህ ነገር ገረመኝ። እኔ ለሰው ልብስ ስሰፋ ነገ ቢወፍር የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ እተዋለሁ። ይህን ስልክ የሰፋው ሰው ትርፉን ሁሉ ቆርጦ ወስዶታል። ደግሞ ትዝ ይበልህ፣ ያኔ ልትሄድ ስትል አብረን ስንገዛ አንተ ከፍ ያለውን እንውሰድ ብለህ ነበር፤ ትንሹ ይበቃኛል ያልኩ እኔ ነኝ። ስለዚህ ራስህን አትውቀስ።

ጠጋኙ አጥፊና ቦታ ይገኛል አለኝ። መጀመሪያ የመጋረጃ ናሙናዎቼን አጠፋሁ። ቀጥሎ የደንበኞችን መስኮቶች ልክ ከነፎቶአቸው አጠፋሁ። አሁንም ሞልቷል ይላል። የቀረው አንተ ብቻ ነበርክ። አራት ቪዲዮህን አጠፋሁ፣ ልጄ። አንዷ አዲሱን የብየዳ መነጽር አድርገህ እንደ ዝንብ ያስመሰልክባት ናት። አምስተኛዋ ላይ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስልኩን ለሬዲዮ ሰጥቼ «ነገ አዲስ ስልክ እንገዛለን» አልኳት።

ስልክ ቤቱ ትልቁ መንገድ ዳር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ ያለው ነው። በሩ ላይ የአንድ ስልክ ሥዕል ተለጥፎ ዋጋው እንደ ሰው ቁመት ተጽፏል። ሬዲዮና እኔ ዋጋ የምናሰላው በመስኮት ነው፤ አንድ መስኮት መጋረጃ ስንት እንደሚያስገባልን ስለምናውቅ። በሩ ላይ ያለው አሥራ አራት መስኮት ነበር። ያንኑ ያህል ይዘን ገባን።

ውስጡ ከወገብ በላይ መስታወት ነው። አንድ ዓይነት ስልኮች በሽቦ ታስረው ሦስት ሆነው ተደርድረዋል፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ። ሻጯ ካንተ በዕድሜ የምታንስ ልጅ ናት። ሬዲዮ ትጠይቃለች፣ ልጅቷ ትመልሳለች፣ ሬዲዮ በእጇ ትተረጉምልኛለች።

«እናቴ ቪዲዮ ያያሉ?» አለች ልጅቷ።

«ቪዲዮ ያያሉ ትያለሽ እንዴ፣ የሚናገሩት በቪዲዮ ነው» አለቻት ሬዲዮ።

«እንግዲያው ስልሳ አራት ጂቢው አይሆናቸውም። ግማሹን ስልኩ ራሱ ይይዘዋል። በስድስት ወር ተመልሰው ይመጣሉ።»

«ታዲያ የማይሆን ከሆነ ለምን በር ላይ ለጠፋችሁት?»

ልጅቷ ፈገግ አለችና መካከለኛውን አነሳች። «መቶ ሃያ ስምንቱን ይውሰዱ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ እጥፍ ነው የሚያገኙት።» ሬዲዮ ጣቶቿን ዘርግታ ቆጠረችልኝ፤ አሥራ ሰባት መስኮት። ሦስት መስኮት ብቻ። እሺ ልል አንገቴን ስነቀንቅ ልጅቷ ሦስተኛውን አስጠጋችው። «አይ፣ ይህን ያህል ካወጡ አይቀር ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስቱ ነበር የሚያዋጣዎት። ስክሪኑም ይሰፋል፣ ብርሃኑም የተለየ ነው። ደግመው ስልክ አይገዙም።» ሃያ አንድ መስኮት።

«የኔ ልጅ፣ እኛ ስንገባ አሥራ አራት መስኮት ነበርን» አለቻት ሬዲዮ።

«የምን መስኮት?»

«ተይው። እስቲ ትንሹን አምጪልን።»

ልጅቷ መሳቢያ ሳብ አድርጋ ዘጋችው። «እሱ አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል።»

«ካለቀ ስንት ጊዜው ነው?»

እዚህ ላይ ልጅቷ ወለሉን አየች። «እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ አላየሁትም» ነው ያለችው፤ ሬዲዮ በትንሹ፣ ደረቷ ሥር አድርጋ ተረጎመችልኝ፣ ልጅቷም ድምፅዋን ዝቅ ስላደረገች።

እኔ ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነዋ። ደንበኛ ሲመጣ ሦስት ጨርቅ እዘረጋለሁ። መጀመሪያ ፀሐይ እንደ ወንፊት የሚያሳልፈውን ስስ፣ ማንም እንደማይወስደው እያወቅሁ። ቀጥሎ መካከለኛውን። በመጨረሻ ገበር ያለውን ከባዱን። ሰው ስሱን ጠልቶ መካከለኛው ላይ ሲደርስ እጁ ሞቅ ብሎ ከባዱም ላይ ይደርሳል። አንድ እርምጃ ብቻ የተራመደ ይመስለዋል። ወንበር ላይ ተቀምጬ የራሴው ዘዴ በእኔ ላይ ሲሠራ አየሁት። ማወቄ ግን ምንም አላዳነኝም። ጭንቀት የያዘው ሰው ደረጃ ላይ ሲቆም ወደ ታች ማየት ይፈራል፤ ትንሹን ብወስድና እንደገና ዝም ብትለኝስ አልኩ።

ባንኮኒው ላይ ገንዘብ የሚቀበለው ሰውዬ ወደ ጓዳ ሲገባ ልጅቷ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ በክርኔ በኩል አኖረችልኝ። ክንዴን ነካ አድርጋ እስክታሳየኝ ድረስ ልብ አላልኩትም፣ ሐሳብ ይዞኝ ነው። «እናቴ፣ ለቪዲዮ ከሆነ መካከለኛው ይበቃዎታል። እኔ እንዳልኩ አይናገሩብኝ» ይላል። ከሥሩ «ሰፊውን ስክሪን ከመካከለኛው ሜሞሪ ጋር የለም ወይ?» ብዬ ጻፍኩላት። «የለም። ሰፊ ስክሪን የሚፈልግ ሰው ትልቁን እንዲወስድ ተብሎ ነው» ብላ መለሰችና ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ጠየቅኋት። ሬዲዮን በሩ ጋ አቁመን በሁለቱም ስልክ በእጇ እያወራች ቀረጽናት። በመካከለኛው ሳያት ጣቶቿ እርስ በርስ ተቀላቀሉብኝ፣ ቃሉን ከፊቷ ነው የገመትኩት። በትልቁ ሳያት አምስቱም ጣት ለየብቻ ቆመ። ሬዲዮ መጥታ ሁለቱንም አየች። «በሁለቱም ያው ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እሷ እንዲህ ያለውን ልዩነት ልብ አትልም።

ትልቁን ነው የምወስደው አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ለዓይን ሐኪሙ ያስቀመጥኩት ፖስታ ነበር፤ ለመነጽር፣ ሌላ አይደለም። ሳወጣው ሬዲዮ ሁለቱንም እጄን ያዘችኝ። እጄን መያዝ ማለት አፌን ማፈን መሆኑን ታውቃለች፤ በሃያ ዓመት አድርጋው አታውቅም። ትንሽ ቆይታ ለቀቀችኝና «ይህ ገንዘብ የቀጠሮው ነው» አለች። «ቀጠሮ ይገፋል» አልኳት። «ሐኪሙ አይገፋም ብሎሻል።» «ሐኪም ሁልጊዜ እንዲያ ይላል።» ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ለሬዲዮ ሁለት ቀን ስንት እንደሆነ አንተው ገምት። ስለ እኔ አንድ ነገር ብትጽፍልህ ደግሞ ታውቃታለህ፣ ከትንሽ ትልቅ ታደርጋለች።

ለቁጭቴ ያህል ይህንንም ልንገርህ። በማግሥቱ አንዲት አስተማሪ ለመኝታ ቤቷ መጋረጃ ልትሠራ መጣች። ሦስቱን ጨርቅ ዘረጋሁላት፣ ስሱን አስቀድሜ። ከባዱን ወሰደች። ደስ አላለኝም፣ ግን አደረግሁት።

ወደ ስልኩ ልመለስ፤ ልጅቷ አዘጋጅታ ስትሰጠኝ ያን ዕለት ወርክሾፕ ወስጄው በምሳ ሰዓት ነው የከፈትኩት። ፀሐዩ መስታወቱ ላይ እንዳያንጸባርቅ መስኮቱን ጋረድኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አንድ መጣ፣ ሁለት መጣ፣ መውረዱን አላቆም አለ። ዐሥራ ዘጠኝ። ለካ አንድም ሳምንት ዝም አላልክም።

በተራ በተራ አየኋቸው። በሁለተኛው «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ትላለህ። በስድስተኛው ጢምህ አድጓል። በዐሥራ አንደኛው ላይ ምንም አልተናገርክም፣ ዝም ብለህ ካሜራውን አይተህ ዘጋኸው። በዐሥራ አምስተኛው እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ካላገኘሁ ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ አልክ። እኔ እዚህ እጁ ምን ሆነ እያልኩ ጨርቅ ስፈታ፣ አንተ እዚያ እናቴ ሞታ ይሆን እያልክ ብረት ስትበይድ ነበር። ይህን ሁሉ ያመጣችው ጥፍር የማታህል የስልኩ ሜሞሪ ናት፤ ጠጋኙ ከፍቶ አሳይቶናል። ያቺ ሰፋ ብትል ለሠሪው የክር ዋጋ ያህል ነው የምትፈጀው ብሎናል።

አሁን ግን ወደ ዋናው ልምጣ። በዐሥራ ዘጠኙም ቪዲዮ ግራ እጅህ የለችም።

በአንዱ ከኩባያ ጀርባ ሸሽገሃታል፣ በኩባያው ግን አንዴም አልጠጣህም። በሌላው ኪስህ ውስጥ ናት። በብዙዎቹ «ስልኩን ይዤበት ነው» ትላለህ፤ ሥዕሉ ግን ንቅንቅ አይልም፣ ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ተደግፏል። ቤት ስትል ሁለት እጅ ገጥሞ ጣሪያ ይሠራል፤ አንተ ግማሽ ጣሪያ እየሠራህ አሳለፍከው። ሁለት እጅ የሚፈልገውን ቃል እየዘለልክ ዙሪያውን ትሄዳለህ። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩህ። የሚሰማ ሰው ልታታልል ትችላለህ፣ እኔን ግን በእጅ ልትዋሸኝ አትችልም፤ እጅህን መናገር ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ይህ ወረቀት ሲደርስህ ሁለቱንም እጅህን አውጥተህ አሳየኝ። የጎደለው አንድ ጣት ይሁን ሁለት፣ ወይም ከዚያ የባሰ ይሁን፣ ልየው። በሐሳቤ ውስጥ እስካሁን መላ እጅህን ቆርጬዋለሁ፤ እውነቱ ከዚያ አይብስም። ባለቅስ የእኔ ልቅሶ ነው፣ ቆይቼ አባብለዋለሁ። ግማሽ ጣሪያ ስትሠራ ቤት ማለትህን አውቄሃለሁ፣ ምንም አልጎደለብኝም። የሚጎዳኝ መደበቅህ ነው።

ስትቀርጽ ደግሞ ፊትህን ወደ ብርሃን አድርግ። ጥቁር ልብስ ልበስ፣ እጅህ ጎልቶ እንዲወጣ። ወደ መካከል ቁም፤ ወደ ዳር የሆነውን ይህ ስልክ በደንብ አያሳይም። ዝግ ብለህ አውራ፣ ከእንግዲህ ቦታ አለን፣ አትቸኩል።

ሌላ ወሬ የለኝም። ሥራው ደህና ነው። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ መስፋት አሰልችቶኝ ያንን ሬዲዮ ትሠራዋለች፣ እኔ ነጭ በነጩን ይዣለሁ። ሲመሽ ቤት ድረስ ታደርሰኛለች፤ መንገዱን ለቧንቧ ቆፍረው ትተውታል። አዎ፣ ታረቅን። ያስታረቀን አንድ ጨዋታ ነው። ምሳ ከበላን በኋላ ዓይናችንን ጨፍነን፣ አንዳችን በአንዳችን መዳፍ ውስጥ እናወራለን። እሷ በእጇ ስታወራ እኔ እጄን እጇ ላይ ጣል አድርጌ ቃሉን በጣቴ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ አልገባ ብሎኝ ስንስቅ ዋልን። አሁን ግን ስሟንም፣ ስሜንም፣ «ክር አቀብዪኝ»ንም እለየዋለሁ። ትላንት ያንተን ስም ሞከርን። ጣቴን ይዛ ቅንድቧ ላይ አሳለፈችው፤ ወዲያው አወቅሁህ።

ደህና ነኝ ስልህ አትምጣ ማለቴ አይደለም። ሥራህን ጥለህ ሳይሆን ፈቃድ ጠይቀህ፣ ወግ ይዘህ ና። የሚቻል ከሆነ ግን ለሚመጣው ዓመት አታሳድረው፤ በዚህ ዓመት ይሁን። እኔም ጠግቤ ልይህ።

አምላክ ከእሳቱም ከብረቱም ይከልልህ። የምትተኛበትን አልጋ ያሙቅልህ፣ የምትሠራበትን ቀን ያሳጥርልህ። እጅህን ያቆሰለው ነገር ልብህን አይንካብኝ። ደክሞህ ስትገባ የሚጠብቅህ ሰው አያሳጣህ፤ እኔም ቆሜ የምቀበልህ ያድርገኝ።

ስትመጣ ይህን የመዳፍ ጨዋታ አስተምርሃለሁ። ቀላል ነው። ብዙ ጣት አይፈልግም።

እናትህ